ቤንዚኑን ትቼ ኤሌክትሪኩን የመረጥኩ ዕለት

ከአንኮበር ልወጣ ባልኩበት ዋዜማ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ፣ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ደጃፋችን ድረስ ወጥቶ ነበር። ሊሰናበተኝ የመጣው ሰው ቤት ሞልቶ ተቀምጧል። እኔ ግን በጓሮ በኩል ከጎረቤቴ ከዘይነባ ጋር ሆኜ የሁለታችንን የጽድ አጥር እከረክማለሁ። እኔ በገጀራ እመታለሁ፣ እሷ በማጭድ ታስተካክላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገ በሰማይ ልትበሪ ዛሬ አጥር ምን አስጨነቀሽ? ሰው እኮ ይጠብቅሻል!» አለችኝ።

«ያደገ አጥር ጥዬብሽ አልሄድም። ኋላ ባየሽው ቁጥር ስሜን በክፉ ታነሺዋለሽ።»

«ወላሂ ስምሽን ሳነሳው ነው የምኖረው» አለችና ማጭዷን እንደያዘች አለቀሰች።

እኛ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው፤ አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ውጭ የተወለዳችሁ ልጆች ግን ስሙ። በሁለት ቤት መካከል ያለ አጥር ሁለት ፊት አለው። መከርከም የጀመረ ሰው የራሱን ፊት አሳምሮ የጎረቤቱን አንጨባርሮ አይተውም። ይህ ግማሽ ራስን ተላጭቶ ገበያ እንደ መውጣት ነው። ደግሞ «ያንቺንም ልከርክምልሽ?» ተብሎ አይጠየቅም። መጠየቅ ውለታ ማስቆጠር ነው። ገብተሽ ትከረክሚያለሽ፣ ቅርንጫፉን እኩል ትካፈላላችሁ፣ አለቀ።

በማግስቱ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ገብቼ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። የሰጡኝ ዳቦ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነበር፤ እኔም ከቤቴ የያዝኩትን በሶ በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ፈረንጅ ጭቃ የምጠጣ መስሎት ዓይኑን አፈጠጠ። ካናዳ ስደርስ አንዱ ሹም አቆመኝ። በስልክ የሚያስተረጉም የኛ አገር ልጅ አገናኙኝ።

«ለምን መጡ? ይላል።»

«ልጄ ጠርታኝ።»

«እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እዚያ ስሠራ የኖርኩትን ነዋ!»

«ሥራ መሥራት አይፈቀድልዎትም ይላል።»

«ታዲያ ቁጭ ብዬ ሞቴን ልጠብቅ? በለው።»

ልጁ ሳቁ መጣበት። «እማማ፣ ይህን አልተረጉምም። ከተረጎምኩት ይመልሱዎታል። ልጆቼን ላይ ነው የመጣሁት ይበሉኝና እሱን ልንገረው።» እሺ አልኩት። ቅን ልጅ ነበር፤ የሚተወውን ነገር ነግሮኝ ነው የተወው።

ልጄ ብርቱካን፣ ባሏ ሰለሞንና ልጆቻቸው የሚኖሩት ኦታዋ ከሚባል ከተማ ነው። ቤቱ የራሳቸው አይደለም፣ ኪራይ ነው። ጣርማ በር ላይ መኪና ተበላሽቶብኝ አድሬ ስለማውቅ፣ ብርድን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አላውቀውም ኖሯል። የዚህ አገር ብርድ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ፀጉርን የሚያደርቅ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ግን ጓሮ ወጣሁና ደነገጥኩ። በኛና በጎረቤቷ መካከል ያለው አጥር ጽድ ሊሆን ምንም አልቀረው! ሲዳር ይሉታል። ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ ሳሸተው፣ ከኛ ጽድ ጋር የእህትማማች ልጆች መሆናቸው ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ሳልቆም አልውልም።

ጎረቤቷ ፓም ትባላለች። በእኔ ዕድሜ ያለች ብቸኛ ሴት ናት። ድፎ ዳቦ በጋገርኩ ቁጥር በአጥሩ ላይ አሳልፌ እሰጣታለሁ፤ «ናይስ፣ ናይስ» እያለች ትበላለች። ቋንቋ የለንም፣ ግን እንስቃለን። ራስ ምታት ሲነሳባት መጋረጃዋን ዘግታ እንደምትውል፣ ያን ጊዜ የመኪና ድምፅ እንኳ እንደሚያማት ብርቱካን ነግራኛለች።

በበጋው የቤቱ ባለቤት ሚስተር ዶብሰን መጣና አጥሩን አየ። ይህ ጫካ ካልተከረከመ የኪራይ ውሉን አላድስም አለ። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት እዚያው ሰፈር ነው፤ ያንን ቤት ከለቀቁ ሌላ በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ ሦስታችን የመከርከሚያ ማሽን ልንገዛ ሱቅ ሄድን።

ጠቡ ከበሩ ጀመረ። ሰለሞን የቤንዚን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ብርቱካን ኤሌክትሪክ አለች።

«ኤሌክትሪክ የልጅ መጫወቻ ነው» አለ።

«አንተ እንደሆን አትከረክምበት! በየትኛው እረፍትህ?»

«እማማ ይፍረዱና!»

«ወዲህ አምጣው» አልኩት።

የቤንዚኑን አነሳሁት። አንድ ጠቦት ያህል ይከብዳል። ጠቦት መሸከም አያቅተኝም፤ ግን ጠቦት ከትከሻው በላይ አንስቶ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ የሚውል ማን ነው? ሻጩ ደግሞ ይተርካል፣ ሰለሞን ይተረጉማል። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር በልክ ይደባለቃል፣ ለማስነሳት ገመድ ይጎተታል፣ እሳት የሚያስነሳው ካንዴላ ይጠረጋል፣ ክረምቱን ቤንዚን ውስጡ ከከረመ አይነሳም። ሲነሳማ ደብረ ሲና ዳገት ላይ የተያዘ የጭነት መኪና ነው፤ ጭሱም ድምፁም። እውነት ለመናገር ጉልበት አለው። ሽቦ አይጎትትም፣ ወፍራሙን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ ቀኑን ሙሉ ያሠራል። ትልቅ ግቢ ላለው፣ ለዓመታት ያልተነካ አጥር ለገጠመው ሰው እሱ ነው የሚሻለው።

ለቤት ግን እንዲህ አሰብኩ። ዶብሰን ጫካ ይበለው እንጂ የዓመት እድገት ነው፤ በየዓመቱ የሚከረከም አጥር ወፍራም ቅርንጫፍ የለውም። አንድ ሁለት ቢገኝ መጋዝ አለ። ኤሌክትሪኩ ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሽቦው ቀላል ነው፣ ግን ልብሽ ሌላ ቦታ ከሄደ የገዛ ሽቦውን ይቆርጠዋል። ባለ ባትሪው በጣት ተነክቶ ይነሳል፤ ባትሪው ሲያልቅ ቻርጅ እስኪሞላ እሱም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ። እናንተ ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ማሽን እንላክ ካሏችሁ የመብራቱን መጥፋትም የቤንዚኑን ሰልፍም አስባችሁ መልሱላቸው። እኔ እዚያ ብሆን ገጀራዬን አልለውጥም።

የመረጥኩት ግን ከሁሉ በላይ ለፓም ብዬ ነው። ባለ ባትሪው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ራሷን አያማትም።

«ይህን እንይዛለን» አልኩት ሰለሞንን። «የፓምንም ፊት ስለምከረክም ለሁለቱም ፊት ይበቃ እንደሆን ጠይቀው።»

ጠየቀው። አይበቃም ተባለና ሌላ ባትሪ ተጨመረ። ብርቱካንም አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

የከረከምኩ ቀን የፓም መኪና በደጇ አልነበረም። ስትመለስ አምሮ ታየዋለች ብዬ ደስ አለኝ። ሲባጎ ወጥሬ መጀመሪያ የኛን ፊት፣ ቀጥዬ በበሯ ገብቼ የእሷን ፊት አስተካከልኩ። ቡናማውን እንጨት አልነካሁም፤ ጽድም ሲዳርም እዚያ ላይ ከተቆረጡ አያቆጠቁጡም። ሲያልቅ ቅርንጫፉን ሰብስቤ እኩል ከፈልኩት። እንዲያውም ለምለሙን ወደ እሷ አበዛሁ። ድርሻዋን ደጃፏ ላይ ደርድሬላት ወጣሁ።

ፓም ለካ ቤት ውስጥ ነበረች። መኪናዋ ሊጠገን ጋራዥ ገብቶ፣ ራሷን አሟት፣ መጋረጃ ዘግታ ተኝታለች። ስትነሳ አጥሯ ተቆርጧል፣ በሯ ላይ ቅርንጫፍ ተቆልሏል። ወደ እኔ አልመጣችም። ዳቦዬን የበላችበትን አጥር ተሻግራ ፊቴ ላይ «ምነው?» አላለችኝም። ለዶብሰን ደወለች።

ሰውየው ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ እያሳየ መጣ። ብርቱካን ታስተረጉማለች።

«ይህ ቆሻሻ ምንድን ነው? ይላል።»

«ቆሻሻ አይደለም፣ ድርሻዋ ነው በይው!»

«ፓም ምንም ድምፅ አልሰማሁም፣ ተደብቃ ነው ግቢዬ የገባችው ብላለች። ውሉን አላድስም ይላል።»

ተደብቃ! ራሷን እንዳያማት የመረጥኩት ማሽን ሌባ አደረገኝ። የቤንዚኑ ቢሆን ገና ሲነሳ ሰምታ በመስኮት ትጮህብኝ ነበር፣ እኔም አቆም ነበር። ይህን ሁሉ፣ ደንባችንንም፣ የራስ ምታቷንም፣ የሁለተኛውን ባትሪ ነገርም አንድ በአንድ አስረዳሁ። ብዙ ተናገርኩ። ብርቱካን ያን ሁሉ ሰምታ አጭር ነገር ተናገረች። ውስጡ «ሶሪ» አለበት።

«ሶሪ አላልኩም!» አልኳት። «ያልኩትን ንገሪው!»

ያኔ ልጄ ጣቷን ግንባሯ ዳር ላይ አሳርፋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ቃል አለችው። ዲሜንሻ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምናገኛት አንዲት ሴት እናቷ የገዛ ልጆቻቸውን መለየት አቅቷቸዋል፤ የበሽታው ስም እሱ ነው። የዶብሰን ፊት ወዲያው ራራ። እጄን መታ መታ አደረገልኝ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ። ውሉንም አድሳለሁ ብሎ ሄደ።

«አእምሮዋን ስታለች አልሽው?» አልኳት ማታ ራት ላይ።

«እማዬ፣ አለፈ እኮ፣ ተይው።»

«ጠየቅኩሽ!»

«ሊያስወጣን ነበር! ልጆቹን ይዤ የት ልግባ? ምን ልበለው?»

«እውነቱን! እከረክማለሁ ብያችሁ ሰምታችኋል። ሁለተኛው ባትሪ ለምን ተገዛ? ለጌጥ?»

«የአንኮበርን ደንብ ለዶብሰን ላስተምረው? ማን ይሰማኛል?»

«ሰለሞን፣ አንተስ? አልሰማህም?»

ሰለሞን ሳህኑን አየ። «እማማ... እሷም ጨንቋት ነው።»

እኔ ግትር ነኝ፣ ግን ፍርድ አውቃለሁ። የሰው ግቢ ገብተሻል፣ የዚህ አገር ደንብ አይደለም ብትለኝ ድንጋይ ተሸክሜ ፓም እግር ላይ እወድቅ ነበር። አጥፍቻለሁ ማለት አያቅተኝም። ያላበድኩትን አብጃለሁ ማለት ግን ማን ይችላል? ወደ አገሬ መልሱኝ አልኳቸው። «እናያለን» አሉኝ።

አሁን ፓም አጥሩ ጋ ስታየኝ እጇን በቀስታ ታውለበልብልኛለች። ኬክ ሠርታም አመጣችልኝ። ስትቆጣ ብትውል ይሻለኝ ነበር። ብርቱካን ደግሞ ያን ውሸት መጠበቅ ይዛለች፤ ማሽኑን ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ቆለፈችበት፣ ብቻዬን ደጅ እንዳልወጣም ትከታተላለች።

አንድ እሑድ ሁሉም ሲወጡ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ለየሺ ደወልኩ። እሷ ከነገረችልኝ ይመልሱኛል፤ ብርቱካን አክስቷን ትፈራለች።

«እታለም» አለችኝ፣ ቃሉን እየሳበች። «እኔ የሺ ነኝ። እህትሽ። የሺ።»

«ምን ሆነሻል? እኔ አይደለሁ እንዴ የደወልኩት?»

«እሺ፣ እሺ እታለም። አትቆጪ። ምሳ በላሽ?»

«ብርቱካን ደውላልሻለች?» አልኳት።

«ጸበል አስቀድቻለሁ፣ በመንገደኛ እልክልሻለሁ» አለችኝ።

«የሺ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ ስሚኝ።»

«ንገሪኝ» አለች። ጀመርኩ። የሱቁ ወሬ ላይ ሳልደርስ አቋረጠችኝ። «እታለም፣ የእናታችን ስም ማን ነበር?»

ምን ላድርግ? ባልመልስ በሽተኛ ነኝ፣ ብቆጣም በሽተኛ ነኝ። የእናታችንን ስም ነገርኳት።

«ታውቀዋለች!» ብላ ከኋላዋ ላሉት ጮኸች። ቤት ሙሉ ሰው ተመስገን ሲል፣ አንዷም እልል ስትል ሰማሁ።