ያላሸተትኩት ጆንያ

ባለፈው ሳምንት ለተግባራዊ ፕሮጀክት የተመደቡ ሁለት ተማሪዎች ሚዛን ተፈሪ ወዳለው ቢሮዬ መጥተው ነበር። ሲዘንብ ስለዋለ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆመው ለመግባት አፈሩ። ስለ ስትራቴጂካዊ ግዥና ስለ አቅርቦት ሰንሰለት የምችለውን ካወራኋቸው በኋላ አንደኛዋ፣ "እርስዎ ከመጀመሪያ ፕሮጀክትዎ ምን ተማሩ?" አለችኝ። "ዋጋ ማወዳደር" ብዬ ሸኘኋቸው። ከወጡ በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

የመጀመሪያ ፕሮጀክቴን ስሠራ ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ። አፌ ከእጄ ይፈጥን ነበር፤ ያነበብኩትን ሁሉ የሠራሁት ይመስለኝ ነበር። የተመደብኩት ሸኮ አጠገብ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ቡናው በየማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ፣ ደመና በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ሸራ ይዞ ይሮጣል። ምሳችን ጎደሬ በዳጣ ነበር፤ ዛሬም ያ ጣዕም አፌ ላይ አለ። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናውን በራሱ ስም ለገበያ ሊልክ ነው። ጆንያ አፈላልጎ የመግዛቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ይባሉ ነበር። ጆንያ፣ አዲስም ቢሆን፣ ሳያሸቱ አይረከቡም። ውሃ ይረጩበታል፣ አጥፈው ያሳድሩታል፣ ጠዋት አፍንጫቸውን ቀብረው ያሸቱታል። "ደረቅ ጆንያ አያወራም፤ ሲረጥብ ነው ጉዱን የሚያወጣው" ይሉ ነበር። ቡና የነካውን ሽታ ሁሉ ይወርሳል። እኔ ግን የሽማግሌ ወግ አድርጌ ነው ያየሁት፤ መጽሐፌ ውስጥ አልነበረማ።

ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። ከሁሉ የረከሰው የአንድ የቴፒ ቅመም ነጋዴ ነበር፤ እርድ የተጫነበት፣ ከዚያ የታጠበ ጆንያ። ሪፖርቴ ላይ "ወጪ ቆጣቢ" ብዬ ጻፍኩና በራሴ ኮራሁ። ጆንያው ሐሙስ ከሰዓት በአይሱዙ ደረሰ። ኮሌጅ የማቀርበው ገለጻ ደግሞ አርብ ጠዋት ነው፤ የመረከቢያ ደረሰኙ ካልተያያዘ ሥራዬ ጎዶሎ ይሆናል።

"ይደር፤ ነገ አሽትቼ እፈርማለሁ" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ቴፒ ላይ አርጥቤ አሽትቼዋለሁ፤ ምንም የለውም" አልኩ።

"አንቺ ራስሽ?"

"እኔ ራሴ።"

አላሸተትኩም። ጋሽ ወርቁ ጥቂት ዓይን ዓይኔን አዩና ፈረሙ። የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ይዋሻል ብለው አላሰቡም መሰለኝ።

ለገለጻዬ ተጨበጨበ። በጥር ግን ቡናው ከደረጃ በታች መውደቁን ሰማን፤ ቀማሾቹ እርድ እርድ ይላል ብለው ጥለውታል። የስንት ቤተሰብ የዓመት ልፋት ነው። አባላቱ ተሰብስበው ጋሽ ወርቁ ጆንያውን ሳያሸቱ የተረከቡት ከቅመም ነጋዴው ጉቦ በልተው ነው አሉ። የማኅበሩ ጸሐፊ ደወለልኝ።

"ጋሽ ወርቁ ልጅቷ መጥታ ትመስክርልኝ ብለዋል። ነገ ከሰዓት ትመጫለሽ?"

"ፈተና ላይ ነኝ" አልኩት።

ፈተናው ጠዋት ነበር። ከሰዓት ዶርም ውስጥ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ውጤቴ እንዳይበላሽ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጋሽ ወርቁን አባረሯቸው። ከዚያ ወዲህ ዕድር እንኳ መውጣት ትተው ነበር አሉ።

ከዓመታት በኋላ መሞታቸውን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አጠገባቸው አስቀምጠው ንፍሮ ዘገኑልኝ።

"አንዲት ተማሪ ነበረች፤ እስከ መጨረሻው ሲጠብቃት ኖረ" አሉኝ። "ፈተናዋን ስትጨርስ መጥታ ታስረዳለች ይል ነበር። አንቺስ ልጄ፣ በምን ታውቂዋለሽ?"

"በሥራ" አልኩ።

ንፍሮውን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ።

ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠንቃቃ ናት ይሉኛል። ጥንቃቄ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን በራሱ አልጠራም፤ የሚናገር ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ዘነበች በሕይወት አሉ። ከሚዛን ወደ ሸኮ ሚኒባስ ጠዋትም ከሰዓትም አለ። እስካሁን አልተሳፈርኩም።