ድምፁን የማያነሣው ዘፋኝ

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቤታችን ጎን ባለችው ጎጆ ተማሪዎቻቸው ሲጮሁ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አምና እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሐኪሙ ድምፃቸው ሊቀንስ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ እርሳቸውም «እግዜር ያውቃል» ብለው ገቡ። ደህና ሆነው ወጡ፤ ድምፃቸው ግን ሁለት ክንድ የማያልፍ ሹክሹክታ ሆነ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ወራት አለፉ፣ በዚያው ቀረ።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ሌላ መምህር እንዲፈልጉ ነገሯቸው። «ጎጆውን የማይሞላ ድምፅ ይዞ ምን መምህርነት አለ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ሆነ ሥራቸው። ምግብ ቀረበ አልቀረበ ግድ የላቸውም። ፈራሁ። ማስተማሩን ከተዉ እርሳቸውም አብረው የሚሄዱብኝ መሰለኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ቦሳ ኖቫን ያገኘሁት እዚያ፣ በአንዲት ደንበኛ ፍላሽ ላይ ነው፤ አስፈቅጄ ገለበጥሁት። የብራዚል ዘፈን ነው። አንድ ጊታር፣ አንድ ሰው፣ የማላውቀው ቋንቋ። መጀመሪያ ሰውየው እንቅልፉ የመጣበት መስሎኝ ስቄበታለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ወር ሳይሞላ ያለ እርሱ ማሽን መክፈት አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ ባጃጁ ይጮኻል፣ የፊት ለፊቱ ሱቅ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ደንበኛው «ቶሎ በይ» እያለ ይጮኻል። የማይጮኹብኝ እነዚህ ዘፋኞች ብቻ ናቸው። ወንዶቹም ሴቶቹም አጠገቤ ተቀምጠው ወግ የሚያወጉኝ ያህል ነው የሚዘፍኑት። ይደሰቱ ይዘኑ አንዳንዴ አይለይም። ይኸም ደስ ይለኛል፤ የኔም ነገር እንዲሁ ነውና።

ታዲያ በጾም ዘፈን እቤታችን ነውር ነው። ልጅ ሳለን አባቴ ሁዳዴ ሲገባ የሬዲዮኑን ባትሪ አውጥተው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት ነበር፤ ለፋሲካ ነው የምናገኘው። ይህን ያህል ሴት ሆኜም ተደብቄ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ እርሳቸው መደቡ ላይ፣ እኔ ከሥራቸው ዱካ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ሰፌዱን ላነሣ ስል የማዳመጫው ገመድ ተነቀለ። ሰውየው በሁዳዴ፣ በመሪጌታ ደጃፍ፣ ጊታሩን ይዞ መዝፈኑን ቀጠለ። ስልኩን ማጥፋት ሁሉ ጠፋኝ።

«ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» አሉ አባቴ።

«ምንም አልሆነ፣ አባባ።»

«ጉሮሮውን ታሞ የለም እንዴ?»

«ደህና ነው። አዘፋፈኑ ነው።»

«እንዲህ እያለ ማን ይሰማዋል?»

«ዓለም ይሰማዋል። እኔ ሳልወለድ የተዘፈነ ነው፤ እስካሁን አልተጠገበም።»

ላጠፋው እጄን ስሰድ በመቋሚያቸው ያዝ አደረጉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተማሪ ሲያቀርብላቸው እንደሚያደርጉት ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ ፈረዱ።

«ትንፋሹን አያባክንም። ዝቅ ብሎም ልኩን አልሳተም።» ዓይናቸውን ገለጡና «ከበሮም የለው። ሁዳዴ ገብቶበት ይሆናል» አሉ። በጾም እኛም ከበሮና ጸናጽል እናስቀምጣለንና ነው። ከታመሙ ወዲህ ሲቀልዱ የመጀመሪያቸው ነበር።

«በይ አሁን አጥፊው። ለነፍስ አባትሽም ትናገሪያለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በሽተኛ መስሎኝ ነው የጠየቅሁት።»

ከተማሪዎቹ ገና ያልሄዱ አምስት ነበሩ፤ ሰኞ ምርቃት ተቀብለው ሊሰናበቱ ቀጠሮ ነበራቸው። ያን ቀን ሥራ ላይ ስሕተት በስሕተት ሆንሁ። ለአንዱ ተማሪ የሌላውን መመረቂያ ጽሑፍ ጠርዤ ሰጠሁትና ተሰደብሁ። ልቤ እቤት ነበር።

ሳይመሽ ተመለስሁ። ከአጥራችን በር ደርሼ ጆሮዬን ባቆም ጸጥ ያለ ነው። በዚያ ሰዓት ጎጆዋ በዜማ የምትናጥ ናት። ሄዱ ማለት ነው፣ አለቀ፣ አልሁ።

ወደ ጎጆዋ ገባሁ። አምስቱም አሉ። ሁልጊዜ ግድግዳውን ተጠግተው ነበር የሚቀመጡ፤ አሁን አባቴን ከበው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ አንገታቸውን አስግገዋል። አባቴ በዚያች ሹክሹክታ ጾመ ድጓ ይነግራሉ፣ እነርሱም በእርሳቸው ልክ ዝቅ ብለው ይቀበላሉ። አንደኛው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በመቋሚያቸው ጉልበቱን መታ አደረጉት፤ አወረደ።

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ትልቁ ተማሪ ዞር ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። አባቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።