አስካል ደጅ የሚቆመው መኪና

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. በጥር፣ አቧራው በሚበረታበት በጋ ነው። ትናንት ልጄ ከዳንግላ ስትመለስ ደውላ፣ «እማዬ፣ ሚኒባሱ ዳገቱን እምቢ ብሎ በእግራችን እየወጣን ነው» ስትለኝ ትዝ አለኝ። ያኔ እሷን አርግዤ ነበር።

ባለቤቴ አየነው በአሮጌ ፒካፕ ከገጠር ከሰል እየጫነ እንጅባራ ያመጣ ነበር። በዚያ ወር ማምሸት ጀመረ። ስጠይቀው፣ «መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ሞተሩ እስኪበርድ አስካል ደጅ እቆማለሁ» ይለኛል።

አስካል ዳገቱ ወገብ ላይ ሻይና ቅቅል ድንች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት መልከ መልካም ሴት ናት። መኪናው ከዳገቱ ሁሉ መርጦ እሷ ደጅ ይደክመዋል? ጸሎት ስጀምር ስሟ ይገባብኛል። እራት አቅርቤ «ጠግቤያለሁ» ካለኝ፣ የማን ድንች እንዳጠገበው አውቃለሁ።

አንድ ቀን አብሬው ሄድሁ። ስንመለስ ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ዳገቱን ሲይዝ ሞተሩ አቃሰተ፤ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ጥቁር ጭስ ተፋ። አንድ ባለጋሪ አለፈን።

«አየነው! ገመድ ልወርውርልህ? ፈረሴ አልደከመውም!»

አስካል ደጅ ስንደርስ መኪናው ቀጥ አለ። ውሃ በጀሪካን ይዛ ወጣች። ስታየኝ፣ «እሰይ፣ እታለም መጣሽልኝ!» ብላ ሳመችኝ። ጉንጬን የሰጠኋት ለወጉ ነው።

«ናፍጣው ነው» አለ አየነው።

«ባሌ ሾፌር ነበር፤ ስንቴ ልንገርህ? የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ እይ!»

አወጣው። ወረቀቱ ተጨማዶ፣ እጥፋቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ደርቋል።

«ይሄማ ታጥቧል!» ብላ ሳቀች። «ወረቀት ይታጠባል እንዴ? ሜዳውን በትንሽ አየር ይሄዳል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ብዙ መተንፈስ አለበት። ማን ነው እንዲህ ያፈነው?»

እኔ ነኝ። የከሰል ብናኙን ሊያራግፍ አውጥቶ አጥር ላይ ቢተወው፣ ደስ እንዲለው ብዬ በሳሙና አሽቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እሱም ጠዋት በጥድፊያ ገጠመው። በየምሽቱ እሷ ደጅ ያቆምሁት እኔው ነበርሁ።

አየነው አየኝ። ገባው። «እንጃ፣ ጋራዥ ይሆናል» አላት። ለዚያች ቃል ዛሬም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ማጣሪያውን ጥለን ዳገቱን ወጣነው።

በነጋታው ኪዳን አድርሼ፣ በዘንቢል ድንች ይዤ፣ ሆዴን ደግፌ ወደ አስካል በእግሬ ሄድሁ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተነፈስሁ። ደጇ ስደርስ «ያጠብሁት እኔ ነኝ» አልኋት።