ለመስቀል ያልመጣው መኪና ሻጭ

ወልቂጤ ላይ ያገለገለ መኪና የሸጠልኝ ሰው ቁልፉን ሲያስረክበኝ እጁን ዘርግቶ መርቆኛል። ሊብሬውን ግን "ስሙን ወዳንተ አዛውሬ በሦስት ቀን አመጣልሃለሁ" ብሎ ኪሱ ከተተው። እኔም አመሰገንኩት። ይህን ያህል ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ የቤት ሥራዬን ረሳሁት ሲለኝ አምኜ አላውቅም።

መኪናዋን የገዛሁት ለእናቴ ነው። አታት ሆስፒታል ክትትል አላት፤ ወገቧ ደግሞ የባጃጅ መንገጫገጭ አይችልም። ሁለት ጊዜ በምቾት ወሰድኳት። በሦስተኛው ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና ሊብሬ ሲጠይቀኝ የሻጩን ስልክ ሰጠሁት። ስልኩ ዝግ ነው። መኪናዋ ጣቢያ ገባች፤ እናቴ መንገድ ዳር ቀረች።

መሸጫው ግቢ ስሄድ መኪና የለ፣ ሰው የለ፤ ሰውዬውን ውሃ በልቶታል። በሩ ላይ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ንጉሡ እኔም ደጅ መጥናት ጀመርኩ። ፖሊስ አድራሻውን አምጣ አለኝ። ቀበሌ፣ አድራሻ እንድንሰጥህ ፖሊስ ይጻፍልን አለኝ። ፍርድ ቤት መጥሪያ አወጣልኝ፤ የሚቀበል ስለጠፋ እዚያው የተዘጋው በር ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ ግማሹን ፍየል በልታዋለች።

የከተማው ሰው ምክር ግን አንድ ነበር፤ ጠብቅ፣ ለመስቀል አባቱ ቤት ይመጣል። የእኛ አገር ሰው ከሕግ ቢሸሽ እንኳ ከመስቀል አይሸሽም። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩ። አባቱ ፊት ይዤው አፍሮ ሊብሬውን ሲያወጣ እየታየኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።

በእርዱ ቀን ሁለት ሽማግሌ ይዤ ጉብሬ አጠገብ ወዳለው የአባቱ ቤት ሄድኩ። አንዱ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሌላው የዕድራችን ዳኛ፣ በአካባቢው የማያውቃቸው የለም። ሰው በደስታው ቀን ክስ አይነሳበትም፣ ተበልቶ ሲያበቃ እንነግራቸዋለን ብለው ስላስጠነቀቁኝ ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን።

ልጁ አልመጣም። ክትፎው በጣባ ቀረበ፣ ቆጮው ተቆረሰ፤ አባትየው ግን አንዴ በሩን፣ አንዴ የዕድሩን ዳኛ ያያሉ። በመጨረሻ ጣባውን ገፋ አደረጉና ተነሱ።

"ለመስቀል ቀርቶ አያውቅም" አሉ። "መርዶ ይዛችሁ ከሆነ እስክንበላ አትጠብቁ። ንገሩኝ።"

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። በአገራችን መርዶ ነጋሪ የሚመጣው እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ። እኔ ደግሞ የዕድር ዳኛ ጨምሬበታለሁ። አባትየው አንጀቴን በሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ምነው በሞተ ስለው የከረምኩትን ሰው፣ አለ ብዬ ለመማል ተነሳሁ።

"ደህና ነው አባቴ" አልኩ። "ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ አግኝቼዋለሁ።"

የዕድሩ ዳኛ ዞር ብለው አዩኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ምን አለህ?" አሉ አባትየው።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እመጣለሁ በልልኝ ብሏል።"

ሰውዬው ሊብሬ የሌላት መኪና ሸጠልኝ፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን ልጅ ለአባቱ ሸጥኩላቸው። አለቀሱ፣ ትከሻዬን ሳሙኝ፣ በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሊብሬ በምን አፌ ልናገር? በልቼ፣ ተመርቄ፣ የልጃቸው ጓደኛ ተብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ እናቴን በባጃጅ አታት ወሰድኳት። መንገዱ ሲያነጥራት ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ ሰውዬውን አገኘኸው ወይ አለችኝ።

"ደህና ነው" አልኳት።