ጀርባ ያላቸው ድንጋዮች

ዙለይካ ሙሄዲን የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት። በደርግ ዘመን ማንኩሳ ሳይንስ ስታስተምር እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአጠገቧ ክፍል ታሪክ አስተምር ነበር። ክፍሎቻችን መብራት አልገባላቸውም፤ መጽሐፉ ላይ ግን የአምፖል ሥዕል ነበር። እሷ በሥዕል አትረካም። ልጅ ያወቀው በእጁ የነካውን ነው ትላለች።

ሽቦ ከተሰበረ ሬዲዮ፣ አምፖል ከአሮጌ የእጅ ባትሪ ለቃቅማ፣ ከቢሮ በተዋሰችው ጠረጴዛ ላይ ልጆቹን ታሠራ ጀመር። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ሙጬ ግን ነገሩ ጨዋታ መሰላቸው። በወላጆች ቀን ልጆቹ ራሳቸው መብራት ካላበሩ የሥራ ጠረጴዛው ወደ ቢሮ ይመለሳል፣ እሷም ወደ ጠመኔዋ ብለው ቆረጡ።

ቀኑ ደረሰ። እናኑ የምትባል ከአዊ ቤተሰብ የመጣች ጭምት ልጅ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች በቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ከተተች። ሽቦውን ከዳርና ከዳር አስነካች፣ አምፖሉን አገናኘች። አልበራም።

ዙለይካ ሽቦውን በምላጭ ፋቀች። አምፖሉን ቀየረች። ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሞቀቻቸው፤ እናኑ መልሳ ከተተቻቸው። ያው ጨለማ ነው። በመጨረሻ አንዱን ድንጋይ ብቻውን ሞከረችው፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። ሌላውን ሞከረች፤ እሱም አበራ። እናኑ ሁለቱን መልሳ አንድ ላይ ስትከታቸው ድርግም።

«ለየብቻ ያበራሉ፣ ሲደራጁ ይጨልማሉ» አሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ቢሆነኝ፣ ከዚያ የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ ሲደርስ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። የሳቀ የለም። እኔም ከፍልስፍና የተማርሁትን ሁሉ ባገላብጥ፣ ሁለት ብርሃን ተደምሮ እንዴት ጨለማ እንደሚወጣው ግራ ገባኝ። ጋሽ ሙጬ ጠረጴዛውን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር።

ዙለይካ ተንበርክካ እናኑን ድንጋዮቹን እንዴት እንዳስገባቻቸው ጠየቀቻት። ልጅቱ አቀርቅራ መለሰች።

«ፊት ለፊት ነዋ፣ እትየ። አንዱ ላንዱ ጀርባውን እንዳይሰጠው።»

ጉጥ ያለው ጫፍ ፊት፣ ጠፍጣፋው ጀርባ መሆኑ ነው። እቤቷ እንግዳ ሲቀመጥ እንደተማረችው፣ ሁለቱን በጨዋ ደንብ ፊት ለፊት አስቀምጣቸዋለች።

ዙለይካ አንዱን ገለበጠችው። የአንዱ ፊት የሌላውን ጀርባ ነካ። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ወላጆች አጨበጨቡ፤ ጋሽ ሙጬ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አነሡ። ጠረጴዛው ቀረ።

እናኑ ግን አላጨበጨበችም። በነውር የበራውን መብራት ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ዙለይካ ልታጽናናት ብላ፣ ጀርባ ሰጠሁ ላለ ሰው የሚባለውን አለቻት፦

«አበባ ፊትና ኋላ የለውም፣ እናኑየ።»

«ድንጋዩ ግን አለው፣ እትየ» አለች ልጅቱ።

ዙለይካ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ አምፖሉ። ስለ ኃይል ፍሰት፣ ስለ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ከዚያ ወዲያ ብዙ አነበብሁ፤ እንዴት እንደሚበራም አውቃለሁ። ልጅቱ የጠየቀችው ግን እሱን አልመሰለኝም። ምን እንደጠየቀች ዛሬም በውል አልገባኝም።

ዙለይካ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት አስተማረች። እናኑም ድንጋዮቹን በትክክል ትደረድራቸው ነበር፤ ብቻ ሁለተኛውን ስታስገባ ሁልጊዜ አንገቷን ሰበር ታደርግ ነበር።