የወፍ ቆሎው አጥር አራስ

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቢሮው ሁሉ ሠራተኛ ሲያፈላልግ፣ እኔና ባለቤቴም ከደጋ ተመድበን ወረድን። እሱ አስተማሪ፣ እኔ አዋላጅ ነርስ። የተሰጠን ቤት አጥር የለውም። ፍየል እንደልቧ ገብታ ትወጣለች፤ የተከልኩትን ጎመን አንድም ቀን ለወጥ አላደረሰችልኝም። ተናደድኩ። እኔ ደግሞ ስናደድ አርፌ አልቀመጥም።

መጀመሪያ ሰንሰል ከጎሬ አስመጣሁ። በኛ አገር አጥር ማለት ሰንሰል ነው፣ ሌላ መኖሩን መች አውቄ! የጋምቤላ ፀሐይ በሳምንቱ ጠብሶ አስቀረልኝ። በኋላ አቦቦ ከሰፈሩት ገበሬዎች አንዱ የወፍ ቆሎ ቁራጭ ሰጠኝ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ሻካራና እሾሃም ስለሆነ ፍየል አሽትታ ትተወዋለች። እሱ ያዘልኝ። በሁለተኛው ክረምት ከትከሻዬ በለጠ፤ አበባው ላይ ቢራቢሮ ይርመሰመሳል፣ ጥቁር ፍሬውን ወፍ ሲለቅም ይውላል፣ ከሥሩ እንሽላሊት ይሯሯጣል። አንዲት አኝዋክ ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ይዛ ጥላው ሥር ትመጣና፣ ያንቺ አጥር ከክልሉ ቢሮ የበለጠ ሠራተኛ አለው እያለች ትስቅብኛለች።

ከዚያ አማቴ ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ ብለው ላኩ። ደስታዬ ግማሽ ነበር። ከተጋባን ቆይተናል፣ ልጅ ግን የለንም። ሰው በላኩ ቁጥር ምን አዲስ ነገር አለ ይላሉ፤ አዲስ ነገር የሚሉት ምን እንደሆነ አይጠፋኝም። ቀን ቀን የሌሎች ሴቶችን ልጆች እየተቀበልኩ፣ ማታ ባዶ እጄን እገባለሁ። ፊት ለፊት ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ጎመን ስኮተኩት ሳይቀር እለማመድ ነበር።

ባለቤቴ የፈራው ሌላ ነው። እናቱ ዘንድ ለበዓል አጥሩ ካልተከረከመ ቤቱ እንዳልተጠረገ ይቆጠራል። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መቀሱን ስሎ ወጣ። አንዱን ጎን እንደ ጠረጴዛ አስተካክሎ ጥጉ ጋ ሲደርስ ዋኖስ ቡርር ብላ ወጣች። ቅጠሉን ገልጠን ስናይ፣ ሁለት እንቁላል። ይቺን ጥግ አትነካትም አልኩት። እናቴ ምን ትለኛለች አለ። ለእናትህ እኔ እመልሳለሁ ብዬ መቀሱን ነጠቅኩት። አፌ ነው እንጂ ሆዴስ ፈርቶ ነበር።

አማቴ በዋዜማው ደረሱ። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ዓይናቸው ያቺ ያልተከረከመች ጥግ ላይ አረፈ። ይኼ ምንድን ነው፣ ጎፈሬ አስመስላችሁ የተዋችሁት አሉ። ቅጠሉን ገለጥኩላቸው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ዋኖሷ ጫጩቶቿን አቅፋለች፤ ብታየንም አልበረረችም።

አማቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ ለወለደች ሴት ሁሉ የምለውን፣ እኔን ግን ማንም ብሎኝ የማያውቀውን፣ ቀስ ብለው ለዋኖሷ አሏት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ልጃቸውን ጠርተው አራሷ ልጆቿን እስክታስበርር መቀስ እንዳያነሳ አስጠነቀቁት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። መጣ፣ ጥያቄው መጣ አልኩ በሆዴ። እጄን ያዙኝ።

«ያንቺንም እንዲሁ ጎንበስ ብዬ ለማየት ያብቃኝ፣ ልጄ።»

ሌላ አልጨመሩም። ያን ሁሉ ጊዜ የተለማመድኩትን መልስ ትቼ «አሜን» አልኳቸው።