የእህቴ ፉጨት

ባለፈው ሳምንት ማንያታ ከሚባለው የሞያሌ ዳር ሰፈር ጠርዝ፣ ከእህቴ ከዘይነባ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጥሩ ሥር ከቆመችው ግራር ውስጥ የክብሪት ቀፎ ሲነቀነቅ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ መጣ። ማር ያለበትን የምትጠቁመው ወፍ ነበረች። የድሮውን ዘመን እያነሱ ከሚያለቅሱት ወገን አይደለሁም፤ አስፋልቱ ሳይመጣ ሞያሌ ገነት ነበረች የሚለኝን ሰው፣ ሎሪ ላይ ከፍየል ጋር ተጭኖ ሶሎሎ የሚባለው ገጠር ድረስ እንዲሄድ እመክረዋለሁ። እኛ ሄደናል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአባታችን የሸቀጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ለብሰን፣ አቡያ ብለን የምንጠራው የእናታችን ወንድም ጉዮ ዘንድ እንወርድ ነበር።

አቡያ ጉዮ ሁለት እጁን ገጥሞ በአውራ ጣቶቹ መሃል ሲነፋ ወፊቱ ከየትም ትመጣና፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች፣ ስንዘገይ እየጠበቀችና እየተቆጣች፣ ንብ ወዳለበት ግንድ ታደርሰናለች። ከዚያ ጭሱ፣ የሰሙ ሽታ፣ እስከ ክርናችን የሚወርደው ለብ ያለ ማር። ከማሩ እንጀራ ቁራጭ ቅጠል ላይ ለእርሷ ይቀመጥላታል፤ ድርሻዋን የከለከላትን፣ ወይም ጠርቷት ያልተከተላትን ሰው ሌላ ቀን እባብ ዘንድ ትወስደዋለች ይል ነበር አቡያ። በንግድ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረው አባታችን ደግሞ፣ «ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ካየኋቸው ደላሎች የማትዋሽ እሷ ብቻ ናት» ይል ነበር።

እኔ ከዚያ ፉጨት ምራቅ እንጂ ድምፅ አልወጣልኝም። ዘይነባ ግን በአንድ የዕረፍት ወቅት ቻለችው፤ የእሷ ከአቡያ ይልቅ ወፈር ያለና የረጋ ስለነበር፣ እሱ ራሱ መንፋቱን ለእሷ ትቶ ከኋላ ይከተል ጀመር።

ከዚያ ለጋብቻ ሽማግሌ ተላከባት። ሊያገባት የጠየቀው ልጅ እናት ቤታችንን ልታይ የመጣች ዕለት ዘይነባ ጓሮ ሆና ስትነፋ ሰማቻትና፣ ፈገግ እንዳለች፣ «ሴት ስታፏጭ የሚሰማት ሰይጣን ነው፤ እኛ ቤት ይኼ አልተለመደም» አለች። እናታችን፣ ያውም የአቡያ ጉዮ እህት፣ በአንገቷ እሺ አለች። ስለ አንዲት ግመል ጥርስ ግማሽ ቀን የሚከራከር ቤተሰብ፣ ለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘይነባ ትምህርቷንም ፉጨቷንም በአንድ ሰሞን ተወች። ለትምህርቱስ የሚያዝን ተገኝቶ ነበር።

አሁን አማቷም ባሏም በሕይወት የሉም። ያን ዕለት ወፊቱ ከግራሯ ሆና ስትደጋግም ጊዜ፣ «እትዬ፣ መልሺላት እንጂ» አልኳት።

«ፀጉርህ ሸብቶም አታድብም?» አለችኝ። ግን እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ ማንም እንደሌለ እያወቀች ወደ ጓዳው በር አየት አደረገች፤ ነፋች።

ወፍራምና የረጋ፣ ያው ራሱ። ወፊቱ ወዲያው ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ወረደች፣ ተንጫጫች፣ ወደ መብራቱ ምሰሶ ሄዳ ዘወር ብላ ጠበቀችን። እኛም እስከ ውጭው በር ወጣን። ከምሰሶው ወዲያ ሱቅ፣ አጥር፣ እንደገና አጥር፤ ዛፎቹ በጆንያ ከሰል ሆነው መንገድ ዳር ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። አንድ ቦዳቦዳ ሞተር ሰው ጭኖ በእኛና በወፊቱ መሃል ሰንጥቆ አለፈ። የዘይነባ ጉልበት እስከ ገበያ እንኳ አያደርሳትም፤ እኔም ብሆን የት እንደምሄድ አላውቅም።

«ጠርቼ ቀረሁባት» አለች። «ዋሸኋት።»

ገባንና በሩን ዘጋች። የክብሪቱ ቀፎ ግን ውጭ ብዙ ቆየ፣ እየተነቀነቀ።